ኢትዮጵያ የምትባል መርከብ ነበረች፦ እንቆቅልሽ፣ ሙዚየም መርከቦችና ያልተጠየቀ ታሪክ

በአሜሪካ የወደብ ከተሞች አንድ የተለመደ የምሽት ዝግጅት አለ። ከአገልግሎት ወጥታ ሙዚየም የሆነች አሮጌ መርከብ ቀን ቀን ጎብኚ ታስተናግዳለች፤ አንዳንድ ማታ ደግሞ ለሰፈሩ ሰው የጥያቄና መልስ ውድድር ታዘጋጃለች። መርከበኞች ይበሉበት በነበረው ክፍል ጠረጴዛ ይደረደራል። አራት አምስት ሰው እየሆነ ቡድን ይመሠረታል፤ ለቡድኑ የሚያስቅ ስም ይወጣለታል፤ ወረቀትና እርሳስ ይታደላል። ከዚያ አጫዋቹ ስለ ከተማዋ ይጠይቃል። ይህ መንገድ በፊት ማን ይባል ነበር? የመጀመሪያው ድልድይ መቼ ተሠራ? ይቺ መርከብ የት ተሠራች? ለአሸናፊው የሚሰጠው ሽልማት ትንሽ ነው። የመግቢያው ገንዘብ ግን ለመርከቧ ቀለም፣ ለዝገት መጥረጊያ፣ ለመብራት ይውላል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ማታ እሳት ዳር የሚጫወቱት እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልሽ!» ሲባል «ምን አውቅልህ!» ይባላል። በእንቆቅልሽ ግን በፈረንጆቹ ጨዋታ የሌለ አንድ ከባድ ሕግ አለ። መልሱ የጠፋው ሰው ዝም ብሎ አይታለፍም። ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል፤ እሱም ጎንደርን ወይም ሐረርን ወይም ሌላ አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። ያላወቀ አገር ይሰጣል።

ስለ ባሕር በር በሚወራበት በዚህ ዘመን ይህን ጨዋታ ከአንዲት መርከብ ጋር አያይዞ ማየት ጠቃሚ ነው። መርከቧ ዛሬ የለችም። ስሟ «ኢትዮጵያ» ነበር።

◆ አንደኛ ጥያቄ፦ የት ተወለደች?

ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች አንዷ ሲያትል ናት። ከሲያትል በስተምሥራቅ ዋሽንግተን የሚባል ረጅም የጨው የሌለበት ሐይቅ ተዘርግቷል። ከሐይቁ ማዶ፣ ዛሬ ከርክላንድ በምትባለው ከተማ ውስጥ፣ ካሪሎን ፖይንት የሚባል ሆቴል፣ ቢሮና የመዝናኛ ጀልባ ማቆሚያ ያለበት ያማረ ሰፈር አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦታው ሆውተን ይባል ነበር፤ መርከብ መሥሪያም ነበረበት።

በዚያ መርከብ መሥሪያ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1942 የአንዲት የጦር መርከብ ሥራ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 4 ቀን ቀፎዋ ሐይቁ ላይ ተንሳፈፈ፤ በጃንዋሪ 1944 ደግሞ ኦርካ ተብላ የአሜሪካ ባሕር ኃይልን ተቀላቀለች። ስሙ የተወሰደው በአላስካ ካለ የባሕር ወሽመጥ ነው። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነበር። ሥራዋ ውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች እናት መሆን ነው፦ ነዳጅ ትሰጣለች፣ ትጠግናለች፣ አብራሪዎቹን ታበላለች፣ ታሳድራለች። በፓስፊክ ውቅያኖስ ጦርነት በፊሊፒንስ ዘመቻ ይህንኑ ሠርታለች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ግጥጥሞሾች አሉ። የመጀመሪያው መርከቧ ከባሕር አለመወለዷ ነው። የዋሽንግተን ሐይቅ ከባሕሩ ከፍ ያለ ነው፤ ከዚያ የሚወጣ መርከብ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1917 በተመረቀው ቦይ ሄዶ፣ ባላርድ በሚባለው ሰፈር ባለው የውሃ መዝጊያ እንደ ደረጃ ቀስ ብሎ ወደ ባሕር ይወርዳል። ዛሬ የሲያትል ኢትዮጵያውያን ልጆቻቸውን ይዘው መርከብ ሲወርድና ሲወጣ የሚያዩበት ስፍራ ነው። የደገኞች አገር ስም የምትሸከመው መርከብም ከከፍታ ወደ ባሕር የወረደች ነበረች።

ሁለተኛው ግጥጥሞሽ ምጽዋ ላይ ነው። ጣሊያኖች በ1933 ዓ.ም. ምጽዋን ለእንግሊዞች ሊለቁ ሲሉ ወደቡን መርከቦችን በማስመጥ ዘጉት። የሆውተን ሠራተኞች ኦርካን በሚበይዱበት በዚያው በ1942 እ.ኤ.አ.፣ ኤድዋርድ ኤልስበርግ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን በምጽዋ ሙቀት ውስጥ የሰመጡትን መርከቦች ያወጣ ነበር። አንዱ አሜሪካዊ ወደቡን ይጠርጋል፤ ሌሎቹ ከ20 ዓመት በኋላ በዚያ ወደብ የምትቆመውን መርከብ ይሠራሉ። አንዱ ስለ ሌላው አያውቅም።

◆ ሁለተኛ ጥያቄ፦ ለምን መጣች?

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳለፈው ውሳኔ ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. መስከረም ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች። ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ስታገኝ ጠባቂ አስፈለጋት። በቀጣዩ የአውሮፓውያን ዓመት፣ በ1953፣ ከአሜሪካ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ አሜሪካ አስመራ ያለውን የቃኘው የመገናኛ ጣቢያ ትጠቀማለች፣ በምላሹ ወታደራዊ እርዳታ ትሰጣለች። የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 ተመሠረተ። ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ሆነ፤ የመኮንኖች ኮሌጁ አስመራ ተከፈተ። ኖርዌያውያንና እንግሊዛውያን የባሕር ኃይል ሰዎች በአማካሪነትና በአሰልጣኝነት አገለገሉ።

ኦርካ በእርዳታው መሠረት በውሰት ለኢትዮጵያ የተሰጠችው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1962 ነው። ስሟ ኢትዮጵያ፣ ቁጥሯ ኤ-01 ሆነ። ከባሕር ኃይሉ መርከቦች ሁሉ ትልቋ እሷ ነበረች፤ ዋና ሥራዋም ማሠልጠን ነበር። ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌ፣ ከኤርትራ ደጋ የመጣ፣ ብዙውም ባሕር አይቶ የማያውቅ ወጣት ገመድ ማሰር፣ አቅጣጫ ማንበብ፣ ማዕበል ላይ መቆም የተማረው በእሷ ላይ ነው። የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር የአሜሪካ፣ የሶቪየት ኅብረት፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ምጽዋ ላይ ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር። ዓለም በቀዝቃዛው ጦርነት ለሁለት በተከፈለበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሆኖም በዚያው በ1962 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ኤርትራ ተራ ጠቅላይ ግዛት ተደረገች። መርከቧ በመጣችበት ዓመት መርከቧን የምታስተናግደው ከተማ የተቀላቀለችበት ውል ተቀደደ። የትጥቅ ትግሉ አስቀድሞ በ1961 ተጀምሯል። የመርከቧን ፎቶ ብቻ አይቶ «ያ ወርቃማ ዘመን» የሚል ሰው ይህን ጥያቄ ዘሎታል ማለት ነው።

◆ ሦስተኛ ጥያቄ፦ በላይዋ የነበሩት የት ደረሱ?

ባሕር ኃይሉን ይመራ ከነበሩት አንዱ የንጉሡ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ነበር። አባቱ ራስ ደስታ ዳምጠው በ1929 ዓ.ም. በጣሊያኖች ተገድለዋል። ልጁን ደግሞ የገዛ አገሩ ወታደሮች ገደሉት፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው 60 ያህል ሰዎች መካከል ነበር።

መርከቧ ግን ቀጠለች። አዲሱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1976 ከአሜሪካ ላይ ጠቅልሎ ገዛት። በዓመቱ የአዲስ አበባና የዋሽንግተን ወዳጅነት ተበጠሰ፤ ቃኘው ተዘጋ፤ የሶቪየት መርከቦችና አማካሪዎች ገቡ። በሆውተን የተሠራች አሜሪካዊት ከሶቪየት ፍሪጌቶች ጎን ቆመች። መኮንኖቹም ትምህርት ፍለጋ ወደ አናፖሊስና ወደ ሊቮርኖ መሄዱን ትተው ወደ ሌኒንግራድ ሄዱ።

ከዚያ ጦርነቱ ወደቡ ድረስ መጣ። በ1970 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ ተከብባ በከተማዋ ውስጥ ውጊያ ሲደረግ የባሕር ኃይሉ ሰፈር የመጨረሻው መከላከያ ሆኖ ቆየ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ግን ምጽዋ ተያዘች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብም ስትወድቅ የቀሩት መርከቦች መርከበኞቻቸውን ይዘው ቀይ ባሕርን ተሻገሩ። «ኢትዮጵያ» የመን ደረሰች። እዚያ ያለ ባለቤት፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ጥገና ቆመች። እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። የቀሩት መርከቦች ጅቡቲ ላይ የወደብ ኪራይ ዕዳ ተቆለለባቸውና እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1996 በሐራጅ ተሸጡ። የባሕር ኃይሉ ታሪክ በሐራጅ ተዘጋ።

ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው ነው? ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋም ሲናገሩ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቀይ ባሕር ጉዳይ በይፋ መነሣት አለበት ሲሉ በየሻይ ቤቱና በየስልኩ የተካሄደው ክርክር በስሜት የሞላ ነበር። ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድና እሱን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 በአንካራ የወጣው መግለጫም ያን ያህል አከራከረ። ከተከራካሪዎቹ መካከል ግን የመጨረሻዋ ትልቅ መርከብ ማን እንደምትባልና የት እንደቀረች የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለ ባሕር የሚምል አገር ባሕረኞቹን ረስቷቸዋል።

◆ አራተኛ ጥያቄ፦ ብትተርፍ ኖሮ?

«ድሃ አገር ስለሆንን ነው፣ ፈረንጅማ መርከቡን ይንከባከባል» የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። ሲያትልን ደህና አድርጎ ያየ ሰው ይህ መልስ ግማሽ እንደሆነ ይረዳል።

ሆውተን መርከብ መሥሪያ ሌላም ዝነኛ ልጅ ነበረችው። እ.ኤ.አ. በ1933 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፔራልታ የምትባል የመንገደኞች ማመላለሻ መርከብ ተቃጠለች። ቀፎዋ ወደ ሆውተን ተጎትቶ መጣና በ1935 ካላካላ ተብላ እንደገና ተሠራች። እንደ ብር የምታበራ፣ ክብ ክብ መስኮት ያላት፣ ከሌላ ዓለም የመጣች የምትመስል ነበረች። ኦርካ ለኢትዮጵያ በተሰጠችበት በ1962 ሲያትል የዓለም ኤግዚቢሽን አዘጋጅታ ስለነበር ጎብኚው ካላካላን ለማየት ይጋፋ ነበር። በ1967 ግን ጡረታ ወጣች፤ አላስካ ተወስዳ የዓሣ ማቀነባበሪያ ሆነች። ወዳጆቿ በ1998 ወደ ሲያትል መለሷት። ማቆሚያ አጡላት፤ ገንዘብ አጡላት፤ ከባለቤት ወደ ባለቤት ተሸጋገረች። እ.ኤ.አ. በ2015 ታኮማ ላይ ተቆራረጠች።

ዋዎና የምትባለዋ በ1897 የተሠራች የእንጨት ጫኝ ባለ ሸራ መርከብም እንዲሁ ናት። በአሜሪካ የታሪካዊ ቅርሶች መዝገብ መጀመሪያ ከገቡት መርከቦች አንዷ ነበረች። ወረቀቱ አላዳናትም፤ እንጨቷ በስብሶ በ2009 ፈረሰች። ከእንጨቷ የተሠራ ረጅም ቅርጽ ብቻ በከተማዋ የታሪክና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ቆሟል። የዓለም ታላላቅ ኩባንያዎች ባሉባት ሀብታም ከተማ ሁለት ስመ ጥር መርከቦች ጠፍተዋል።

የተረፉት ደግሞ የሚገርሙት ናቸው። ከዚያው ሙዚየም አጠገብ ባለው የመርከቦች ማቆሚያ አርተር ፎስ የምትባል ጎታች መርከብ አለች፤ በ1889 ተሠርታ በክሎንዳይክ የወርቅ ጥድፊያ ዘመን ያገለገለች፣ የጃፓን ጥቃት ሊጀመር ሲል ከዌክ ደሴት የወጣች። ሌሎች መርከቦች እንዳይጋጩ ባሕር ላይ ቆማ መብራት ታበራ የነበረችው ስዊፍትሹር አለች፤ በ1904 የተሠራች ናት። ዱዋሚሽ የምትባል የ1909 የእሳት አደጋ መርከብና ቨርጂኒያ ቪ የምትባል የ1922 የእንፋሎት መርከብም አሉ። አንዳቸውም እንደ ካላካላ አላማሩም። አንዳቸውም ታላቅ ጦርነት አላሸነፉም። ያቆያቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ዝገት የሚፍቅ ጡረተኛ፣ ልጆች ይዞ የሚመጣ መምህር፣ ማታ ትኬት ቆርጦ ለጥያቄና መልስ የሚቀመጥ ጎረቤት ነው።

እዚህ ላይ የጥያቄና መልሱ ምሽት ከጨዋታ በላይ ይሆናል። መርከብ በየጥቂት ዓመቱ ከውሃ ወጥታ ሆዷ ካልታየ ትሰምጣለች፤ ወጪው ከባድ ነው፤ አንድ ባለጸጋ ቢሰጥ አንድ ጊዜ ነው። የሚዘልቀው በየወሩ የሚመጣ ሰው ነው። በየወሩ የሚመጣው ደግሞ ሐውልት ለማየት አይደለም፤ የሚጠየቀው ነገር ስላለ ነው። ጎረቤት የሚጠይቅባት መርከብ ትቆያለች፤ ንግግር ብቻ የሚደረግባት መርከብ ትዝጋለች።

ስለዚህ «ኢትዮጵያ» ከየመን ብትመለስ እንኳ ትተርፍ ነበር ማለት አይቻልም። ማቆሚያ ወደብ ያልነበራት አገር መርከብ ናት። ግን መርከቡ ሲጠፋ ጥያቄው አብሮ መጥፋት አልነበረበትም። ብረቱን የወሰደው ጦርነትና ዕዳ ነው። ትዝታውን ግን ማንም በሐራጅ አልሸጠውም፤ ሳይጠየቅ ቀረ እንጂ።

◆ አምስተኛ ጥያቄ፦ የማይመቸው

ጥሩ የጥያቄና መልስ ምሽት የሚያስቁ ጥያቄዎች ብቻ አይኖሩትም። ከዋሽንግተን ዲሲ አንድ ሰዓት ገደማ በምትርቀው ባልቲሞር ወደብ አንዲት የጠረፍ ጠባቂ መርከብ ቆማለች። እ.ኤ.አ. በ1936 ሥራ ጀመረች፤ በ1986 ጡረታ ወጣች። ጃፓን ፐርል ሃርበርን በ1941 በደበደበችበት ዕለት በአካባቢው ከነበሩት የጦር መርከቦች ዛሬም ውሃ ላይ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ስሟ ቴኒ ነበር፤ የተሰየመችው በሮጀር ቴኒ ነው። እኚህ ሰው በ1857 በድሬድ ስኮት ጉዳይ ላይ ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም የሚለውን ፍርድ የጻፉት ዋና ዳኛ ናቸው። በ2020 ጠባቂዎቿ ስሙን አነሡት። አሁን የምትጠራው በቁጥሯ ብቻ ነው። መርከቧ አልተደበቀችም፤ ታሪኳም አልተሰረዘም። እንዲያውም «ስሟ ለምን ተነሣ?» የሚለው ጥያቄ ለጎብኚው ተጨመረለት።

የ«ኢትዮጵያ» መርከብ ታሪክም እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አለው። ለአዲስ አበባ ልጅ ምጽዋ የባሕር ኃይል ቀን፣ የነጭ ደንብ ልብስ፣ የጨዋማ ነፋስ ትዝታ ናት። ለምጽዋ ልጅ ግን ያ ወደብ የታሠሩ ዘመዶች፣ የከበባ ወራት፣ ከተማዋ ከተያዘች በኋላ ከሰማይ የወረደው የቦምብ ድብደባ ትዝታም ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። የባሕር ኃይሉን ታሪክ በቁጭት ብቻ የሚናገር ሰው ግማሹን ይናገራል፤ በጥላቻ ብቻ የሚናገርም እንዲሁ። በዚያች መርከብ ላይ ትግርኛ ተናጋሪውና አማርኛ ተናጋሪው አንድ ገመድ ስበዋል፤ በኋላ ተለያይተው ተታኩሰዋል። ይህን በአንድ ጠረጴዛ ላይ መጠየቅ የሚቻልበት ቦታ ከሌለ፣ ስለ ቀይ ባሕር የሚነገረው ሁሉ ወይ ፉከራ ወይ ስድብ ሆኖ ይቀራል።

የባሕር በር ጥያቄ የኢኮኖሚ ጥያቄ ነው፤ የሕግና የዲፕሎማሲ ጥያቄ ነው። በቁጭት አይፈታም፤ በመርሳትም አይፈታም። ምጽዋና አሰብ ዛሬ የኤርትራ ከተሞች ናቸው። ይህን አምኖ ያለፈውን መጠየቅ ያለፈውን መመለስ አይደለም። እንዲያውም ያለፈውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው በስሜት የማይነዳው፤ ፌዴሬሽኑ እንዴት እንደፈረሰ የሚያውቅ ሰው ነው ውል ማክበር ምን ያህል እንደሚያዋጣ የሚረዳው።

◆ ሳይርቅ በቅርብ

የአበው ምክር «ሳይደርቅ በእርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ» ይላል። በ1954 ዓ.ም. መርከቧ ስትመጣ 20 ዓመት የሆነው መርከበኛ ዛሬ ከ80 አልፏል። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን የተሻገረው የ20 ዓመት ልጅ እንኳ ጸጉሩ ሸብቷል። ከእነሱ ብዙዎቹ በስደት ተበትነዋል። አንዳንዱ ልጆቹ ስለ መርከብ ሲያወራ «አባባ ደግሞ ጀመረ» ብለው የሚስቁበት ሰው ነው። ሳጥኑ ውስጥ የደንብ ልብስ ቁልፍ፣ የጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ የጉዞ ማስታወሻ አለ። እሱ ሲያልፍ ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይጥሉታል።

ለዚህ መርከብ አያስፈልግም፤ ትልቅ በጀትም አያስፈልግም። የሲያትል ኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ አዳራሽ አለው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር ሻይ ቤትና አዳራሽ ሞልቷል። በወር አንድ ማታ ጠረጴዛ ደርድሮ፣ አሮጌ መርከበኞችን የክብር እንግዳ አድርጎ፣ ወጣቱን በቡድን ከፋፍሎ መጠየቅ ይበቃል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ኤርትራዊ ጎረቤትን መጋበዝ ደግሞ ጨዋታውን እውነተኛ ያደርገዋል። መልሱን አንድ ሰው በስልኩ ይቅዳ፤ አንድ ሰው ፎቶውን ያንሣ፤ ስምና ቀን ከጀርባው ይጻፍ። ሙዚየም የሚጀመረው እንዲህ ነው። የሲያትል መርከቦችን ያቆየው ከዚህ የተለየ ምስጢር የለውም።

ኢትዮጵያውያን ቅርስ መጠበቅ አያውቁበትም የሚለውም ትክክል አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት ሴቫስቶፖል መድፍ ከ150 ዓመት በላይ መቅደላ ላይ አለ፤ ምሳሌው አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ልጅ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን መድፉ ብረት ስለሆነ አይደለም፤ ማን ሠራው፣ እንዴት ተጎተተ፣ ለምን ተጎተተ የሚለው በየትምህርት ቤቱ ስለሚጠየቅ ነው። ስለ «ኢትዮጵያ» መርከብ የሚጠይቅ መምህር እስካሁን ጥቂት ነው።

በእንቆቅልሽ ሕግ መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ ከሰጠ በኋላ ግን መልሱ ይነገረዋል። ይህ የጨዋታው ደግ ጎን ነው። አገር ሰጥቶ መልሱንም ሳይሰማ የቀረ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ተሸንፏል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ምሽት የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች እነሆ። መልሳቸው በመጽሐፍ ሳይሆን በሰው እጅ ያለ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ምናልባት የዚህ ጽሑፍ አንባቢ አባት ወይም ጎረቤት ነው።

«ኢትዮጵያ» የመን ስትደርስ ከላይዋ መጨረሻ የወረደው ማን ነበር?

ባንዲራዋን ማን አወረደው፤ የትስ ነው ያለው?

ምጽዋ ላይ አብረውት ገመድ ከሳቡት ኤርትራውያን ጓደኞቹ መካከል፣ ዛሬ ስልክ የሚደውልለት አለ?